ሥልሳ ፍሬም

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ጭምቷ» ይሏታል። ሰው ምን ያውቃል። ሰሞኑን ሆዷ ውስጥ የሚነደውን ቢያዩ ኖሮ ስሟን ይቀይሩላት ነበር።

አኒሜሽን ስቱዲዮው ውስጥ «ረጅሙ» ከሚሉት ባልደረባዋ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። የያዙት ፊልም አጭር ነው። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር በመስታወቱ ውስጥ አንዲት ተሳፋሪ ያያል። ተሳፋሪዋ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ታንጎራጉራለች፤ ከዚያ «ወራጅ አለ» ብላ ትወርዳለች። ሹፌሩን የሚያንቀሳቅሰው ረጅሙ ነው፣ ተሳፋሪዋን ደግሞ ጭምቷ። ዋና ዋናውን፣ የአንገቱን መዞር፣ የዓይኑን መነሳት፣ ሰው በጊዜ መስመሩ ላይ ቁልፍ ፍሬም አድርጎ ያስቀምጣል፤ መሃል መሃሉን ኮምፒዩተሩ ይሞላዋል። አንድ ሰከንድ ሃያ አራት ፍሬም፣ ማለትም ሃያ አራት ሥዕል ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ረጅሙ ከምሳ በኋላ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አድርጎ፣ በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገ ፍሬም ይቆጥርላት ነበር። ከዚያ ባለድምጿ መጣች፤ ለተሳፋሪዋ ድምፅ የምትሰጠው ልጅ። ድምጿ ማር ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ባለድምጿ በመጣች ሳምንት ረጅሙ የሹፌሩን እይታ ከሃያ አራት ፍሬም ወደ ሥልሳ አስረዘመው። ሁለት ሰከንድ ተኩል።

«ሰው ሰው ላይ እንዲህ ያፈጣል?» አለችው ጭምቷ።

«ሹፌሩ ነው እኮ።»

«ሹፌሩን ማን ሠራው?»

ሳቅ ብሎ ወደ ቀረጻ ክፍሉ ሄደ።

በማግስቱ እሱ ለምሳ ሲወጣ ፋይሉን ከፍታ አሥራ ሁለት ፍሬም ቆረጠችለት። ድምፁን ዘግታ ነው የሠራችው፤ ያቺን እንጉርጉሮ ከምትሰማ ጥርሷን ብትነቀል ይሻላታል። በሁለተኛው ቀን ሌላ አሥራ ሁለት፣ በሦስተኛውም እንደዚያው። እይታው ሃያ አራት ፍሬም ገባ።

ጉዱ ግን እይታው ባጠረ ቁጥር ረጅሙ ከቀረጻ ክፍሉ የማይወጣ ሆነ። በክፍሉ መስታወት በኩል ታያቸዋለች። ባለድምጿ ታንጎራጉራለች፣ እሱ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ይቆጥርላታል። የእሷን ቆጠራ ለሌላ ሰጠባት። ያን ቀን አንድ መስመር እንኳ ሳትሠራ ዋለች።

ቤት ስትገባ ታላቅ እህቷ ፊቷን አየችና «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትበዪ ነው?» አለቻት።

«ተይኝ፣ አሞኛል።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች እህትየው። «እስቲ ንገሪኝ፣ ሕመምሽ ቁመቱ ስንት ነው?»

ዓርብ ጠዋት አለቃቸው ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሙ። «ጎረቤትሽን ከሰኞ ጀምሮ ወደ ድምፅ ክፍል ላዛውረው ነው። እዚያ አይደል እንዴ ውሎው። ዛሬ መልሱን ይነግረኛል።»

ጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ታያት። ውሃ ልትጠጣ ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ከባለድምጿ ጋር ተገጣጠመች።

«እህቴ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አለች ባለድምጿ። «ይሄን እይታ በየቀኑ የሚቆርጠው ማነው? እንጉርጉሮዬ ከእይታው እኩል ማለቅ አለበት። ባጠረ ቁጥር እንደገና ተቀረጪ እባላለሁ። ዛሬ አራተኛዬ ነው። ባሌማ መነጫነጭ ጀምሯል።»

«ባልሽ?»

«አዎ፣ ባሌ። ያ ጓደኛሽ ደግሞ አለቃው ሲቆጡ ‹እኔ ነኝ የቆረጥኩት› ይላል። አላመንኩትም፤ አጥሮ ባየው ቁጥር ፊቱ ጥቁር ይላል።»

ጭምቷ የምትገባበት ጠፋት። ሦስት ቀን ሙሉ ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ስትዘጋባቸው የሰነበተችው ራሷ ናት። ድምፁን ባትዘጋው ኖሮ እንጉርጉሮው ከእይታው ሲተርፍ በመጀመሪያው ቀን ትሰማው ነበር።

ስትመለስ ረጅሙ ወንበሩ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለችው ሳትቀመጥ።

«አውቃለሁ። ፋይሉ መጨረሻ ላይ የነካውን ሰው ስም ያሳያል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር አንቺን ይቆጡሻል።»

«ቀንቼ ነው። ለእሷ ብለህ ያስረዘምከው መስሎኝ።»

«ጠዋት በበሩ ስገባ፣ አንቺ ቀና እስክትዪ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይፈጃል» አለ። «ቆጥሬዋለሁ። ተሳፋሪዋ ያንቺ ናት። ሹፌሩ ትንሽ ቢቆይላት ወደ እሱ ታዞሪያታለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ሹፌሩን ቆረጥሽው።»

ቁጭ ብላ ፋይሉን ከፈተችው። የቆረጠችውን ሁሉ መለሰች። መጨረሻው ላይ፣ ሥልሳኛው ፍሬም ላይ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ቁልፍ አስቀመጠች፤ የተሳፋሪዋ አንገት ወደ መስታወቱ፣ ዓይኗ ቀና። መሃሉን ኮምፒዩተሩ ሞላው።

«አለቃውን ምን ልትላቸው ነው?» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

«ወንበሬ ተመችቶኛል እላቸዋለሁ» አለና ወንበሩን ወደ እሷ ሳበው።

ባለድምጿ ለአምስተኛ ጊዜ ተጠራች። «ይሄ የመጨረሻው ካልሆነ ባሌን አምጥቼ እሱን ነው የማስቀርጽላችሁ» እያለች ገባች፤ ግን አንጎራጎረች። ጭምቷ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተችው። ረጅሙ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ቆጠረ።

«ሥልሳ» አለ።

ቀና ስትል፣ ስክሪኑን አልነበረም የሚያየው።