የግራው እርካብ

ይታያል ከፈረስ ወድቆ ሞተ። አንገቱ ተሰበረ። ከኮርቻው ጠፍሮች አንዱ በቢላ ተቆርጦ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ከሉማሜ ወጣ ብሎ ባለው የፈረስ ሜዳ ለጥምቀት ጉግስ ሲለማመዱ። መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ ሰው ሳይከበው ኮርቻውን ፈትቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ ቆለፈበት። ከደብረ ማርቆስ የመጣችው ኢንስፔክተር እስከዳር «ጠፍር ተቆርጧል» ብላ ተናገረች፤ የትኛው እንደሆነ ግን ለማንም አልነገረችም።

ዘመዶቹ ገዳዩን ለይተው ጨርሰዋል፤ ተፎካካሪው ሙላት ነው። እስከ ሠልስቱ ካልታሰረ ደማቸውን ራሳቸው እንደሚመልሱ ነግረዋታል።

«ትጠላው ነበር?» አለችው ሙላትን።

«ሦስት ዓመት በሰው ፊት ሲያሸንፈኝ ልውደደው?» ዓይኖቹ አብጠዋል። «ግን አሁን ከማን ጋር ልጋልብ? ሌሎቹ እኮ ፈረስ ላይ የተጫነ ጤፍ ናቸው።»

«ኮርቻውን ማን ማን ይነካው ነበር?»

«ቤት እህቱ አለች። እዚህ አያ እንዳላማው ይጭንለታል፣ እኔ ፈረሱን እይዝለታለሁ።»

እንዳላማው ሁለቱንም ግልቢያ ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አያ እንዳላማው፣ ይታያል ያን ቀን ፈረሱ ላይ እንዴት ወጣ?»

«እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም ልጄ። ሁልጊዜ የግራውን እርካብ ረግጦ ነው የሚወጣ። ያን ቀን ልጃገረዶች ስልክ ደገኑበት፤ ከድንጋይ ካቡ ዘሎ ኮርቻው ላይ ጉብ አለ። ‹አንተ ጅብ፣ የፈረሱን ወገብ ልትሰብረው ነው!› አልሁት። መጨረሻ ያልሁት እሱን ነው።»

ታላቅ እህቱ ዘመናይ፣ አባታቸው በጉግስ ከሞተ ወዲህ ይታያልን ያሳደገችው እሷ ናት።

«ተው ብዬው ሰምቶኝ አያውቅም» አለች።

«ማንን ይጠረጥራሉ፣ እትዬ?»

«ማንንም።»

«ዘመዶችዎ ሙላትን ነው የሚሉት።»

«ሰምቻለሁ።» ፊቷን አዞረች።

በሠልስቱ የሟች ፈረስ ተጭኖ በለቅሶው መሐል ይዞራል። እስከዳር ሦስቱንም ለየብቻ «ኮርቻውን እለቀዋለሁ፤ የተቆረጠውን ጠፍር የሚተካ አምጡ» አለቻቸው።

ማክሰኞ ጠዋት በሜዳው ዳር ባለው የኮርቻ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዘመዶቹ ጠመንጃ ይዘው ውጭ ቆመዋል።

«አያ እንዳላማው የሆድ ጠፍር አመጡ። ሙላትም እንዲሁ። ፈረሰኛ ወድቆ ጠፍር ተቆርጧል ሲባል ሰው የሚያስበው እሱን ነው።» ጆንያውን ፈታች። «የተቆረጠው ግን የግራው እርካብ ጠፍር ነው። አንድ የእርካብ ጠፍር ይዘው የመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እትዬ ዘመናይ።»

እስከዳር የተቆረጠውን ጫፍ ለሁሉም አሳየች።

«ገዳይ ቢሆን ትንሽ ብቻ ይቆርጠው ነበር፣ ግልቢያ መሐል እንዲበጠስ። ይሄ የቀረው እንደ ክር ነው። የቆረጠው ሰው የፈለገው ሲወጣ እንዲበጠስ ነው፣ ፈረሱ እንደቆመ። ከቆመ ፈረስ የወደቀ እጁ ቢሰበር ነው። ይታያል ግን ከካብ ዘሎ ወጣ፤ እርካቡን አልረገጠም። ዘንግ ሊወረውር በእርካቡ ሲቆም ተበጠሰ።»

«እጁ ብቻ» አለች ዘመናይ። «ጥምቀት እስኪያልፍ።»

ሙላት ተነሣ። «እትዬ! እኔን ሊገድሉኝ ሲማማሉ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልሁ።» ቀና ብላ አየችው። «ካወቁ ከለቅሶው ያስነሡኛል። ሦስት ቀን እንኳ ላልቅስለት ብዬ ነው።»

እንዳላማው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እስከዳር ለዘመዶቹ ልትነግር ወደ በሩ ስትራመድ ዘመናይ ክንዷን ያዘቻት።

«ተይ፣ እኔ ልንገራቸው። አንተ ሙላት፣ እስክጠራህ እንዳትወጣ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ በሩንም ከውጭ ዘጋችው።