ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ

ይህ ታሪክ ከአናቱ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ተገንጥሎ ይውደቅ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት እያየ። ከዚህ በፊት ዋሽቼ አላውቅም አልልም። ዝሆን ሞተር ብስክሌት ሲነዳ አይቻለሁ ብዬ ሰፈሩን በሙሉ አደባባይ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ይሄኛው ግን ሌላ ነው።

ሰውየው «ሚስማር» ይባላል። ስሙ አይደለም። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያን ዕለት ጠዋት በዕቃ መደብሩ ጥግ አምፖል የሚመርጥ መስሎ ቆሟል።

ሚስማር ከጎኑ ቆመ። አልተያዩም።

«ባለ ስልሳው አለ?» አለ ሚስማር ለአምፖሎቹ።

«አልቋል። ባለ መቶው ይበቃሃል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ሰውየው «አጎቴ» ነው። የሚስማር አለቃ። በስለላ መሥሪያ ቤቱ፣ ሚስማር ሰላይ እንጂ ኤሌክትሪሺያን አለመሆኑን የሚያውቅ ብቸኛ ፍጡር።

አጎቴ አንድ ከረጢት በእግሩ ገፋ አደረገለት። ከውስጡ አውራ ጣት የሚያህል ቀይ ኬብል ተጠቅልሎ ይታያል።

«ይሄን ብቻ ተጠቀም። ሌላ እንዳትገዛ፤ ባለሱቅ መልክ አይረሳም።»

«ፊውዝስ?»

«ቦታ ይይዛል። ተወው።» ሳቀ። የአጎቴ ሳቅ ከአፉ ይጀምርና አፍንጫው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። «ደወልን አደራ። ከእንቁላል በላይ ተጠንቀቅላት።»

ሚስማር ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

«ደወል» ሴት ናት። የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተር ነበረች። አንድ ቀን መስመር ስታገናኝ ሳታስበው የአንድ ሰው ድምፅ ሰማች። ድምፁ የሰው ስም ይጠራል። ስማቸው የተጠራው ሁሉ የሚስማር የሥራ ባልደረቦች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያያቸው የለም። ከሃዲው ከመሥሪያ ቤቱ ሹማምንት አንዱ ነው። ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ድምፁን ግን ከሺህ ድምፅ መሃል ትለየዋለች። ከድንበሩ ማዶ መርማሪዎች የሹማምንቱን ድምፅ በቴፕ ይዘው ይጠብቋታል። በሕይወት መድረስ ነው ያለባት። ሌላ ምንም ዘዴ የለም።

መሻገሪያዋ ደግሞ ተጎታች ቤት ነው።

ባለቤቱ የምስጢር ስሙ «ቀንድ አውጣ» ነው፤ ቤቱን ጎትቶ ስለሚዞር። ሚስማር ግን ጋሼ ነው የሚለው። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሆዱ ከመሪው ጋር ተላምዷል። ለጠየቀው ሁሉ «ጡረታዬን እየዞርኩ ልበላው ነው» ይላል።

ከአልጋው ስር ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ አራት አሮጌ ባትሪዎች እንደ ሬሳ ተጋድመው ነበር።

«ጋሼ፣ በዚህ በኩል ይያዙልኝ።»

«ወገቤን ልትሰብረው ነው? ምን በልተው ነው እነዚህ እንዲህ የከበዱት?»

አራቱ ወጡ። በቦታቸው የጫማ ካርቶን የምታህል አንዲት አዲስ ባትሪ ገባች። ዕቅዱ በሙሉ እዚህ ላይ ነው። አራት ባትሪ ወጥቶ አንድ ሲገባ የሚተርፈው ቦታ አንዲት ቀጭን ሴት በጀርባዋ ያስተኛል። ባትሪዋ ከእግሯ በኩል፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው ኢንቨርተር ከራስጌዋ በላይ፣ ከሳጥኑ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ። ቀዩ ኬብል በጎኗ በኩል አልፎ ሁለቱን ያገናኛል። አየር የምትስብላት ትንሽ ቬንትሌተር ደግሞ ኃይሏን ከኢንቨርተሩ ታገኛለች። ፈታሽ ቢመጣ የሚያየው አዲስ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ አልጋው ለምን እንደተነቀለ ማንም አይጠይቅም።

ደወል ሳጥኑን አየችው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ገመድ ስሰካ ኖሬ፣ ዛሬ ከገመድ ጋር ልተኛ?»

«እህቴ፣ ለአንድ ቀን ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለችና ገባች። ሚስማር ክዳኑን በብሎን አሰረው። አራት ብሎን። ፍራሹን መለሰበት።

ድንበሩ ላይ ያለው ኬላ ጋ ሲደርሱ የመኪናው ሰልፍ አይንቀሳቀስም። ከፊት ሽንኩርት የጫነ መኪና፣ ከኋላ ነዳጅ ጫኝ። ጋሼ ተጎታቹን የሚስበው ፒክአፕ ውስጥ ነው። ሚስማር ተጎታቹ ውስጥ ሆኖ የኢንቨርተሩን የመጨረሻ ብሎን ያጠብቃል። ስልኩ ጮኸ። እጁ ስለተያዘ በክርኑ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው።

«ሚስማር። ዕቃው እንዴት ነው?»

«ተኝቷል።»

«ጎበዝ። ኬላው ላይ አሳዩን ካሉህ አብራላቸው። ሻይ ካሉህም አፍላላቸው። እንግዳ ተቀባይ ሁን።» ሳቀ። ሳቁ አፍንጫው ውስጥ ገባ።

ስልኩ ተዘጋ።

ከአልጋው ስር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ሚስማር ፍራሹን ገፍቶ ሁለት ብሎን ፈታ። በክፍተቱ የደወል ዓይን ታየ።

«ማነው እሱ?»

«አለቃዬ ነው። ምነው?»

«እሱ ነው።»

«ምኑ?»

«ስም ሲጠራ የነበረው። ሲጨርስ እንዲሁ ነበር የሚስቀው።»

ሚስማር ወደ ቀዩ ኬብል ዞረ።

ከረጢቱን አሰበ። «ይሄን ብቻ ተጠቀም።» «ፊውዝ ተወው።» «ሻይ አፍላላቸው።» ቢላዋ አወጣና የተረፈውን ቁራጭ ኬብል ገፈፈው። ቀዩ ልባስ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ወፍሯል። መሃሉ ላይ ያለችው መዳብ ግን የእስክርቢቶ ቀፎ አትሞላም።

እዚህ ጋ እንኳን ሰላይ፣ እኔም ይገባኛል። ቬንትሌተር ብቻ ስትዞር ምንም አይሆንም። ውኃ ማፍላት ግን ብዙ ኃይል ይስባል። ያ ሁሉ ኃይል በዚያች ክር ሲያልፍ ክሯ ትግላለች፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ እንጨቱ ይያያዛል። የሚቆርጠው ፊውዝ የለም። ቀሽም ኤሌክትሪሺያን፣ የተቃጠለ ተጎታች። ማንም ማንንም አልገደለም።

«ውጪ» አለ ሚስማር። «አሁኑኑ ውጪ።»

በሩ ተደበደበ።

ሁለቱን ብሎን መለሰ። ፍራሹን ገፋ። በሩ ተከፈተ።

የኬላው አለቃ ገባ። በሩን የሚሞላ ሰው ነው። ኋላው አንድ ወጣት ፈታሽ ቆሟል። አለቃው በጣቱ ያንጠለጠለው ጠመንጃ አይደለም።

የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ነው።

«ኤሌክትሪሺያኑ አንተ ነህ?»

«ነኝ ጌታዬ።»

«እኛ ጋ መብራት ከጠፋ ሰነበተ። ጉሮሯችን ደርቋል። አሁን ከላይ ደውለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ኢንቨርተር የገጠመ ሰው ይመጣል፤ ሻይ አስፈላው። ካፈላ እውነተኛ ባለሙያ ነው፤ ካላፈላ ፈትሸው።›» ማንቆርቆሪያውን አቀበለው። «እስቲ አፍላ።»

ሚስማር አጎቴ የሠራለትን ወጥመድ አሁን ሙሉውን አየው። ከፈላ ትቃጠላለች። ካልፈላ ትያዛለች። በየትኛውም በኩል የእሱ ድርሻ ቆሞ ማየት ነው።

ለአንድ ብርጭቆ የሚሆን ውኃ ጠብ አደረገበት።

«ምነው፣ ለዶሮ ነው?» አለ አለቃው። «ሙላው እንጂ! ስድስት ነን።»

ሞላው። ሰካው።

ማብሪያውን ተጫነው።

«ቁጭ በል» አለው አለቃው። መቀመጫ ያለው አልጋው ብቻ ነው። ሚስማር ከደወል በላይ ተቀመጠ።

ማንቆርቆሪያው ዝም አለ። ከዚያ ማንሾካሾክ ጀመረ። ሚስማር በሕይወቱ እንዲህ የሚንቀራፈፍ ውኃ አይቶ አያውቅም። ሙቀቱ መጀመሪያ የመጣው ከማንቆርቆሪያው አልነበረም። ከሥሩ ነው። በፍራሹ አልፎ ጭኑን ነካው።

የጥፍር ጭረት ተሰማው። አንዴ። ከእንጨቱ ሥር።

ሚስማር ጮክ ብሎ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«እንዲሁ... አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።»

«ንገረን እንጂ፣ አብረን እንሳቅ።»

ሚስማር ዝም ብሎ ሳቀ። እንባው መጣ። ወጣቱ ፈታሽ አፍንጫውን ወደ ላይ አነሳ።

«አለቃ፣ የሆነ ነገር ይሸታል። የሚቃጠል ነገር።»

«ካልሲህ ነው» አለ አለቃው፣ ዓይኑን ከማንቆርቆሪያው ሳይነቅል።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ። ኢንቨርተሩ መጮህ ጀመረ።

«ምን ይላል ይሄ ደግሞ?»

«አዲስ ስለሆነ ነው ጌታዬ። እየተለማመደ ነው።»

ተነስቶ ሶኬቱን ሊነቅል ይችላል። ከዚያስ? «ፈትሸው።» ተቀምጦ ሊጠብቅም ይችላል። ከዚያስ? ሁለት እጅ አለው፤ ሁለቱንም ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እንደ እንግዳ ተቀመጠ። ከሥሩ የሚመጣው ጭረት ቆሟል። መቆሙ ከጭረቱ ባሰበት።

ቀጭ።

የኢንቨርተሩ አረንጓዴ መብራት ጠፋ። ማንቆርቆሪያው ዝም አለ። ቬንትሌተሯም ዝም አለች።

አጎቴ ያላሰበው ይሄን ነው። መዳቧ ከመቅጠኗ የተነሳ በቂ ኃይል ማድረስ አቃታት፤ ኢንቨርተሩም ባትሪ ያለቀ መስሎት ራሱን ዘጋ። እሳት ለመሆን አንዲት ትንፋሽ ሲቀረው።

በተጎታቹ ውስጥ ፍጹም ጸጥታ ሆነ። ዝንብ ብትበር ይሰማል። ከሳጥኑ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ የቀለጠ ፕላስቲክ ጭስ መሃል፣ ደወል ትንፍሽ አላለችም። አልሳለችም።

አለቃው ተነሳ። ጣቱን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነከረ። አወጣና አየው።

«ለብ ብሏል» አለ።

ወጣቱ ፈታሽ እጁን ወደ ፍራሹ ሰደደ። «ካልፈላ ፈትሸው ነው የተባለው፣ አለቃ።»

«እጅህን ሰብስብ!» አለው አለቃው። «እስቲ አስብ አንተ። ይሄ ሰውዬ ሰላይ ቢሆን ኖሮ ሥራው አያምርም ነበር? ሰላይ እኮ የሚላከው ተፈትኖ ነው። ሻይ እንኳን የማያፈላ ኢንቨርተር ገጥሞ እንዲህ ደረቱን የሚነፋ እውነተኛ ኤሌክትሪሺያን ብቻ ነው። የኔንም ቤት የሠራው እንደሱ ያለ ነው፤ ሚስቴን ጠይቃት።»

ፈታሹ ሳቀ። ሚስማርም እንዲስቅ ስለሚጠበቅበት ሳቀ።

«ተጎታቹ ይለፍ። አንተ ግን» አለ አለቃው ሚስማርን በጣቱ እየጠቆመ፣ «አንተ ትቀራለህ። የኬላውን መብራት ሳትሠራ ንቅንቅ የለም። ስትጨርስ ደግሞ ሥራ የሚባል ነገር አስተምርሃለሁ።»

ጋሼ በመስኮት አንገቱን አወጣ። ሚስማር ተጠጋው። ሁለት ፈታሾች ክንዱን ይዘውታል። ማለት የሚችለውን አሰበ።

«ጋሼ፣ እንደተሻገሩ አልጋውን ያናፍሱት። ሳይውል ሳያድር።»

ጋሼ አየው። ፊቱ ላይ ያለው ቀልድ ሁሉ ጠፋ።

«አልጋ ማናፈስ ለኔ ነው የምታስተምረኝ?» አለና ማርሽ አስገባ።

አግዳሚው ተነሳ። ተጎታቹ እየተወዛወዘ አለፈ። ውስጡ ያለችው በሕይወት ትኑር አትኑር ሚስማር አያውቅም። አቧራው እስኪወርድ ቆሞ አየ። ከኋላው አለቃው በስልክ ያወራል።

«አዎ ጌታዬ። ኤሌክትሪሺያኑ እጄ ላይ ነው። ተጎታቹም ተፈትሿል። ምንም የለም።»

ሚስማር የኬላውን መስመር ይዞ ከግንብ ግንብ ዞረ። ሲያልቅ ሌላ አገኙለት። የአለቃው ቢሮ፣ የጥበቃ ማማው፣ የሰፈሩ የውኃ ፓምፕ። አንድ ከሰዓት በኋላ ራሱ ባበራው መስመር ላይ የፈታሾቹ ሬዲዮ ተከፈተ። የመሥሪያ ቤቱ አንድ ከፍተኛ ሹም መያዙን ተናገረ። ምስክሯ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ እንደቀረበች፣ ቴፑን ሰምታ ወዲያው እንደለየችው ጨመረ።

ሚስማር መሰላል ላይ ነበር። ካቻቪቴው ከእጁ ወደቀ።

«ምነው፣ ነዘረህ?» አሉት።

«ነዘረኝ» አለ።

ተልዕኮው አለቀ። ሲመሽ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወለ። ደጋግሞ ደወለ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች።

«ሚስማር ነኝ።»

«ማን?»

«ሚስማር። የአጎቴ ሰው።»

«ወንድሜ፣ ዕቃ መደብር መስሎህ ነው? ቁጥር ተሳስተሃል።»

በመሥሪያ ቤቱ ሰላይ መሆኑን የሚያውቀው አጎቴ ብቻ ነበር። አጎቴ ደግሞ ለማንም አይናገርም፤ ቢናገር ራሱ ላይ ነው የሚመሰክረው። ሚስማር ወደ ቀድሞው ማንነቱ የሚመለስበት በር አልነበረውም። አሁንም እዚያው ኬላ ነው። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ኤሌክትሪሺያን ይላል። ሻይ ማፍላት ያቃተው እያሉ ያሾፉበታል። እውነቱን ቢነግራቸው ደግሞ ከኔ የባሰ ውሸታም ይሉታል።

ይኸው ነው። አንዲት ነገር ብቻ ጨምሬበታለሁ፤ የኬላው አለቃ ባለፈው ሳምንት ጡረታ ስለወጣና ከእንግዲህ ማንም ስለማይጠይቀው ልናገር።

አልሳለችም ያልኩት ውሸት ነው። ሳለች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ጥርት ብሎ የሚሰማ ሳል። ሚስማር ዓይኑን ጨፈነ። አለቃው ጣቱ ማንቆርቆሪያው ውስጥ እንዳለ ቆሞ ቀረ፤ አልጋውን አየ፣ ኢንቨርተሩን አየ፣ «ሻይ አስፈላው» ያሉት ለምን እንደሆነ ገባው። ከዚያም አፉን በእጁ ሸፍኖ እሱ ራሱ ሳለ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ።

«ይሄ ጉንፋን ሊገድለኝ ነው» አለ ለፈታሹ። «ለብ ብሏል።»