ዝናብ የሰረቀው ጨው

ንግሥት ወለላት በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት፣ ከደመና በላይ በተሠራችው በአዛርማ መንግሥት፣ በአንድ ሳምንት ሰባት ሕፃናት ተወለዱ፤ አንዳቸውም አላለቀሱም። አዋላጆቹ ጀርባቸውን መቱ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ረጩባቸው። ሕፃናቱ በፈዘዙ ዐይኖች ተመለከቷቸው እንጂ ድምፅ አላሰሙም። የሕዝቡ አንገት ማበጥ ከጀመረ ትውልድ አልፎታል፤ የንግሥቲቱ እንቅርት እንኳ ከወርቅ ድሪያቸው በታች እንደ ቅል ተንጠልጥሎ ነበር። ይህ ግን ከዚያ ሁሉ የከፋ ምልክት ነበር።

ንግሥቲቱ ሊቀ መድኃኒት አባ ዘልቃንን አስጠሩ።

«ግርማዊት ሆይ፣ ተሰርቀናል» አሉ ሽማግሌው። «ከአፈራችን አንድ ጨው ጠፍቷል፤ አንገታችንን ያሳበጠውም ሕፃናቱን ያፈዘዘውም የእሱ እጦት ነው። ሌባውም ዝናቡ ነው። ሺህ ክረምት ተራራችንን እያጠበ ወደ ባሕር አወረደው።»

የቤተ መንግሥቱ አትክልተኛ ሰርጉት ከአዳራሹ ጥግ ቆማ ነበር። እህቷ ትርንጎ በቅርቡ ጸንሳለች።

«አባ፣ ለነፍሰ ጡሮቹ በየቀኑ ጎመን እልካለሁ እኮ! ቅጠሉም ለምለም ነው» አለች።

«ጎመንሽ ደም ይሆናል፣ አጥንት ያጠነክራል፤ እሱን አትተዪ። ነገር ግን ቅጠል አፈሩ የሌለውን ከየት ያመጣል? ያንን ጨው ከውኃው እየመጠጠ የሚያከማች በምሥራቅ ባሕር ውስጥ የሚበቅል ጥቁር ቅጠል አለ። እሱን ደግሞ ሐንጎል ይጠብቀዋል።»

የሐንጎል ስም ሲጠራ መኳንንቱ አንገታቸውን ደፉ። የንግሥቲቱን አያት ከነሠራዊታቸው የዋጠ የባሕር ዘንዶ ነበር።

ሰርጉት ወደ ዙፋኑ ቀረበችና ተንበረከከች። «ቅጠሉን ሳልይዝ ብመለስ የተወለድሁባት አፈር አትቀበለኝ!» ብላ ማለች። የዘበኞቹ አለቃ ሻለቃ መርዕድም ጦሩን ይዞ ከጎኗ ቆመ።

መርዕድን ጨምሮ አሥራ ሁለት ወታደሮች አብረዋት ወረዱ። ስምንቱን የቆላው ንዳድና የአሸዋው ጥማት ፈጃቸው፤ ሦስቱ ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ። በሠላሳኛው ቀን ከሰርጉት ጋር የቀሩት መርዕድና ሁለት ግመሎች ብቻ ነበሩ። በዚያ ቀን ሻለቃው የአሥር ዓመት ልጁ አስካል ከተወለደች ጀምሮ ሰምታም ተናግራም እንደማታውቅ ነገራት።

«አይዞዎት፣ ስንመለስ ትሰማለች» አለችው።

«አትሰማም። ሳንነሣ አባ ዘልቃንን ጠይቄያቸዋለሁ። ቅጠሉ ገና በሆድ ላሉት ነው የሚደርሰው፤ ለእሷ ጊዜው አልፏል።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

መርዕድ የግመሉን ገመድ ወደ ራሱ ሳበ። «የሌላ ሰውም ልጅ ቢሆን፣ አባቱን ሲጠራ መስማት አምሮኝ ነው» አለ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ባሕሩ ሸሽቶ አለቱን ገልጦ ሳለ ደረሱ። ጥቁሩ ቅጠል እንደ ረጠበ ቆዳ በድንጋዩ ላይ ተነጥፏል። ሰርጉት በማጭድ እያጨደች ሦስት ጆንያ ሞላች። አራተኛውን ስትጀምር ደሴት የመሰላት ጉብታ ተነቃነቀ። ሐንጎል ነበር። ጨው የጋገረበት ቅርፊቱ እየተሰነጣጠቀ ተነሣ፤ የሸሸውም ውኃ እያገሣ ተከትሎት መጣ።

መርዕድ ከእሷ ርቆ ወደ አንድ አለት ሮጠ። «እዚህ ነኝ! ወዲህ ና!» እያለ ጋሻውን በጦሩ መታ። ዘንዶው አንገቱን ወደ ድምፁ አዞረ።

«ሻለቃ!» ብላ ጮኸች።

«እጨጂ!» አላት።

ሐንጎል አፉን ከፍቶ ዋጠው። የጦሩ ጫፍ ግን ከውስጥ ላንቃውን በስቶ በዐይኖቹ መካከል ወጣ። ግዙፉ ገላ ሦስት ጊዜ ተገላበጠ፤ ከዚያም መርዕድን በጉሮሮው እንደያዘ ወደ ጥልቁ ሰጠመ። ሰርጉት ወገቧ ድረስ በደም ውኃ ውስጥ ቆማ፣ እያለቀሰች አራተኛውን ጆንያ ሞላች።

ሰርጉት ጆንያዎቹን በግመሎቹ ጭና ስትመለስ አባ ዘልቃን ቅጠሉን አድርቀው ፈጩት። ከልኩ ሲያልፍም ጉሮሮን ያሳምማል ብለው ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር በቀን ቁንጥር ብቻ በጎመኗ ላይ እንዲነሰነስ አዘዙ። ትርንጎ በወለደች ጊዜ ሕፃኑ እንደ ወጣ ጮኸ። ንግሥቲቱ በባዶ እግራቸው ከእልፍኝ ወጥተው ለቅሶውን ቆመው ሰሙ። የእሳቸው እንቅርት ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልጎደለም።

አገሩ በእልልታ ሲናወጥ ሰርጉት ወደ መርዕድ ቤት ሄደች። ሚስቱ የሞቱን መርዶ አስቀድማ ሰምታ ነበርና ከደጃፉ ዞር ብላ አሳለፈቻት። አስካል ግን የሚነግራት አላገኘችም። ሰርጉትን ስታይ እጇን ከራሷ በላይ ዘርግታ ረጅሙን አባቷን አመለከተች፤ ከዚያም ሁለቱን መዳፎቿን ከፈተች። «የት አለ?» ማለቷ ነበር።

በአዛርማ ከሰርጉት በቀር ባሕርን አይቶ የሚያውቅ ስለሌለ ለባሕር የሚሆን የእጅ ምልክት አልነበረም። ሰርጉት ከጥቁሩ ቅጠል ቆንጥራ በልጅቷ ምላስ ላይ አደረገች። አስካል ከጨዋማነቱ የተነሣ ፊቷን አጨማደደች። ሰርጉት ወደ ምሥራቅ ጠቆመች፤ ቀጥላም እንደ ሙት እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ ዐይኖቿን ጨፈነች።

ዐይኖቿን ስትገልጥ ልጅቷ ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ አፏን ዘግታ ያንን ጨው ቀስ እያለች ትውጥ ነበር።