መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው

ኤቬሊዮ አሬቼአ ከቤቱ ሰገነት ወድቆ ግቢው ውስጥ ሞቶ ሲገኝ ከጎረቤቶቹ አንድም ያለቀሰ አልነበረም። ማታንሳስ ከተማ ውስጥ ሰው ሲሞት ቢያንስ አንዲት ሴት ደረቷን ትመታለች። ለኤቬሊዮ የጮኸችው የጎረቤት ዶሮ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ሊወድቅባት ለጥቂት ስለሳታት ነው። ሙት አይወቀስም ይባላል፣ ይሁን። የዚያ ሰፈር ሰው ግን ወቀሳውን በቁሙ ስላልጨረሰለት የቀረውን ለቀብሩ አቆይቶለት ነበር።

ካፒቴን ኢዳልሚስ ፖርቱዎንዶ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስትደርስ መብራት እንደልማዱ ጠፍቷል። የጣቢያው ሳጅን ምርመራውን በገዛ እጁ ጨርሶ በር ላይ ጠበቃት።

«ገዳይዋን ይዘናታል፣ ጓድ ካፒቴን። ዳያሚ የምትባል ፀጉር ሠሪ ናት። ባለፈው እሑድ ሰገነቱ ላይ በሰው ፊት ‹ከዚህ ነው የምወረውርህ› ብላዋለች።»

«ምን አድርጓት?»

ሳጅኑ መናገሩ አሳፈረው። «የአንድ የዘንዶ መጽሐፍ መጨረሻ ነግሯት። ገና ግማሹ ላይ ሳለች።»

«ለዚህ ሰው ይገደላል?»

«እነዚህ የመጽሐፍ ማኅበርተኞች ናቸው፣ ጓድ ካፒቴን። ስለ ሌላ ዓለም፣ ስለ ዘንዶ፣ ስለ ሰማይ መርከብ ነው ንባባቸው። እንደኛ አያስቡም።»

ካፒቴኗ ደረጃውን ወጣች። ሰገነቱ ላይ አንድ ወንበር ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ተቀምጧል። አጠገቡ ዝቅ ባለው ግንብ ላይ በክር የተሰፋ፣ በጽሕፈት መኪና የተመታ ወረቀት አለ፤ ከላዩ ግማሽ ጡብ ተጭኖበታል። ነፋሱ የወረቀቱን ጠርዝ ያርገበግባል፤ አንዲት ገጽ ግን አልበረረችም።

«ይህን ጡብ አንተ ነህ የጫንከው?»

«ኧረ እኔ አልነካሁም።»

«የሟቹ መነጽር የት ተገኘ?»

«የሸሚዙ ኪስ ውስጥ፣ ከነማህደሩ። ያለ መነጽር እንኳን ፊደል የገዛ በሩንም አያገኝም ነበር ይላሉ።»

ካፒቴኗ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ሳጅኑ እያዛጋ ጠበቃት። ስትጨርስ ጡቡን እንደነበረው መልሳ አስቀመጠችና የማኅበሩን ሰዎች ፍለጋ ወረደች።

መጀመሪያ የሄደችው ፌርሚን ኦኬንዶ ዘንድ ነው። ሽማግሌው የመርከብ መካኒክ የነበሩ፣ አሁን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን ሁሉ በነገር ሸንቆጥ የሚያደርጉ ናቸው።

«መጽሐፍ እንደ ሥጋ ነው እዚህ አገር» አሏት። «አንዱ ካገኘ ለሁሉ ይቆራርሰዋል። ተራ የደረሰው ሰው ‹ይህን አንብቡ› ብሎ መጽሐፍ ይመክራል፤ መካሪ እንለዋለን። ያንን መጽሐፍ ለአራት ቆርጠን እንሰፋውና ሦስቱ ክፍል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አራተኛው ከመካሪው ቤት አይወጣም። ሁላችንም ሦስተኛውን ከጨረስን በኋላ እሑድ ሰገነቱ ላይ መካሪው ራሱ ጮክ ብሎ ያነብልናል። ሕጋችን ነው።»

«የአሁኑ መካሪ ኤቬሊዮ ነበር?»

«አዎ። ከሩሲያ ቋንቋ የተረጎምኩት ነው ብሎ አመጣው። ሁለት ጨረቃ ባለው ባሕር ላይ፣ በየዓመቱ ቦታዋን የምትቀይረውን የትውልድ ከተማውን የሚፈልግ የአንድ ቀዛፊ ታሪክ ነው። እውነቱን ልንገርሽ? ሰውየውን አልወደውም፤ መጽሐፉ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል።»

«ማኅበሩን ማን መሠረተው?»

«እኔ፣ ኤቬሊዮና አንሴልሞ። አንሴልሞ የሶራይዳ፣ የፋርማሲዋ ማኅበርተኛችን ወንድም ነው፣ ነፍሱን ይማረውና ዓሣ አጥማጅ ነበር። አንድ መስመር አልጻፈም፤ ሲያወራ ግን እራት ያስረሳ ነበር። ሳንባው ታሞ ሲተኛ ኤቬሊዮ ከአልጋው ሥር አልጠፋም፣ ያወራውን ሁሉ ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር። እኔ ፍቅር መስሎኝ።»

ካፒቴኗ ለመሄድ ተነሣች። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ «እኔ እንኳ አራተኛውን ክፍል አነበብኩት። ለካ ቀዛፊው መጨረሻ ላይ...» ስትል ሽማግሌው ሁለት ጆሯቸውን ደፍነው ከወንበራቸው ዘለሉ።

«እሰሪኝ ከፈለግሽ! ግን አትንገሪኝ!»

ዳያሚን ጣቢያ አገኘቻት። ሴትየዋ ማልቀሱን ትታ መሳደብ ላይ ደርሳለች።

«ወርውሬው ቢሆን ኖሮ እነግርሽ ነበር፣ የኔ እናት። ሰፈሩ ያመሰግነኛል። ግን ያን ሰዓት አንዲት ሴት ወንበር ላይ አስቀምጬ ግማሽ ፀጉሯን ቀለም ቀብቼ ነበር። ሄደሽ ያቺን ምስኪን ጠይቂያት፣ መብራት ጠፍቶ በቆርቆሮ ውኃ ነው ያጠብኳት።»

«እጠይቃታለሁ። ቀዛፊው ግን ያሳዝናል። መጨረሻ ላይ...»

ዳያሚ ካፒቴኗ እስክታበቃ አልጠበቀችም። ግድግዳው እስኪያስተጋባ ድምፅዋን ለቅቃ መዝፈን ጀመረች። ዘበኞቹ ሮጠው መጡ። ካፒቴኗ እየሳቀች ወጣች።

ሶራይዳ ፋርማሲ ውስጥ ለአንዲት ባልቴት መድኃኒት በወረቀት እየጠቀለለች ነበር። አምሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጥ ብላ የምትቆም፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ከኋላዋ ግድግዳ ላይ የዓሣ አጥማጅ ቆብ ያደረገ ሰው ፎቶ ተሰቅሏል።

«ወንድሜ ነው» አለች ሶራይዳ፣ ካፒቴኗ ሳትጠይቃት።

«ይጽፍ ነበር?»

«ያወራ ነበር።»

«ኤቬሊዮ የሞተ ለታ የት ነበሩ?»

«መብራት ሲጠፋ ዘጋሁ። ቤቴ ነበርኩ። ያየኝ የለም፤ ብቸኛ ሰው ማን ያየዋል?»

ካፒቴኗ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። «የማኅበራችሁን መጽሐፍ እኮ አነበብኩት። ቀዛፊው ሰጠመ። የከተማውን መብራት እያየ፣ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው።»

ሶራይዳ ጆሮዋን አልደፈነችም። የጥቅሉን ክር ሳበች፤ ደግማ ሳበች፤ ክሩ ተበጠሰ።

«ያሳዝናል» አለችና ሌላ ክር አነሣች።

እሑድ ካፒቴኗ ሁሉንም ሰገነቱ ላይ ሰበሰበቻቸው። ዳያሚ በሳጅኑ ታጅባ መጣች፤ ደረጃውን ስትወጣ ጫማውን ሆን ብላ ረገጠችለት። ፌርሚን በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ሶራይዳ ከሁሉም ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ኤቬሊዮ እያነበበ ሳለ አዙሮት አልወደቀም» ስትል ካፒቴኗ ጀመረች። «መነጽሩ ከነማህደሩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያነበበው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ቆሞ ነበር። ያ ሰው ሲገድለውም ወረቀቱን ነፋስ እንዲወስደው አልተወም። ሌባ ወረቀት አያዝንለትም። ለማይተካ መጽሐፍ የሚሳሳ፣ ከእናንተ አንዱ ነው ጡቡን የጫነው።»

«ማኅበርተኛ ማለት እኔም ነኝ» አሉ ፌርሚን።

«እርስዎማ መጨረሻውን ልነግርዎ ስል ጆሮዎን ደፈኑ። ዳያሚ እስር ቤቱን በዘፈን አናወጠችው። ደግሞ ፀጉሯን የምትሠራላትን ሴት አግኝቻታለሁ፤ ግማሽ ቀይ ራስ ይዛ እስከ ማታ ከዳያሚ ፊት አልተነሣችም። ያላነበበ ሰው መጨረሻውን አያስነግርም። ሴኞራ ሶራይዳ ግን እስከ ዳር አስጨረሱኝ። አራተኛው ክፍል ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ታዲያ እርስዎ የት አነበቡት?»

ዳያሚ ቀስ ብላ ወደ ሶራይዳ ዞረች።

«አላነበብኩትም» አለች ሶራይዳ። «ስለማውቀው ነው ያላስቆምኩሽ። ታሪኩ የወንድሜ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳል እያፈነው ነው የነገረኝ። ይህ ሌባ ከአልጋው ሥር ተቀምጦ ለቀመው።»

«የአንሴልሞ?» አሉ ፌርሚን። ፊታቸው ጠቆረ። «ሩሲያዊ ነው ያለን እኮ! እኔ ደግሞ ቀዛፊው ነፋሶቹን እኛ በምንጠራበት ስም ሲጠራቸው ተርጓሚው ጎበዝ ነው ብዬ አደነቅኩ።»

«አምንዎታለሁ፣ የወንድምዎ ነው» አለች ካፒቴኗ። «መጨረሻውንም ከእሱ ሰምተውት ከሆነ፣ እዚህ መጥተው አንብበውታል ልልዎ አልችልም። የጻፈው ነገር የለም፤ የእርስዎ ቃል ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አንሴልሞ ቀዛፊው ሰጠመ ብሎ ነው የነገረዎ? አዎ ካሉኝ ይህን ደረጃ ወርጄ እሄዳለሁ።»

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረችው፤ ሶራይዳን ወደ ፋርማሲዋ፣ ወደ ቤቷ፣ ወደ አልጋዋ የምትመልስ። ዳያሚ እንኳ በከንፈሯ ‹አዎ በይ› ስትላት ታየች። ሶራይዳ ባሕሩን አየች።

«ወንድሜ ማንንም አላሰጠመም» አለች።

«ሴኞራ፣ አስበው ይናገሩ።»

«አስቤዋለሁ። ቀዛፊው ቤቱ ደረሰ። አርጅቶ፣ ጨው በልቶት፣ እህቱ እንኳ አላወቀችውም። ባታውቀውም ሳህን አቀረበችለት። መጨረሻው ይኸው ነው፤ አንሴልሞ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ የነገረኝ። ያንን ለዚህ ውሻ አልሰጥም።»

«እሱ የሞተ ለታ እዚህ መጥተው ነበር?»

«ልጠይቀው መጣሁ። አልካደም፣ ኮራ እንጂ። ‹ተቀመጪና አንብቢው፣ አሻሽዬዋለሁ፤ የወንድምሽ መጨረሻ የሴት ለቅሶ ነበር› አለኝ። አነበብኩት። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ምስጋና ይጠብቃል። ወረቀቱ እንዳይበር ጡብ ጫንኩበት፣ የአንሴልሞ ነገር አለበታ። ከዚያ ተነሥቼ ገፋሁት።»

«ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም» አሉ ፌርሚን ዓይናቸውን ሳያነሡ።

«ጸሎት ማን ጸለየ? ነፍስ ዘርታችሁ ብትመልሱት አሁንም እገፋዋለሁ።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ካፒቴኗ በእጇ ምልክት መለሰችው፤ ሶራይዳ ግን ራሷ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ፌርሚን፣ መጽሐፉን ለሰው ትመክራላችሁ አይደል? ሁሉም ሰው እንዲያነበው እፈልጋለሁ። የማን ነው ሲሏችሁ የአንሴልሞ ነው በሉ። የዚያኛውን ስም ግን አትጥሩት። አንድ ጊዜ እንኳ ከማኅበሩ አፍ ከወጣ እስር ቤት ሆኜ እሰማለሁ።»

«ማን ነበር ስሙ?» አሉ ፌርሚን። «እኔ አላስታውሰውም።»

ሶራይዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ካፒቴኗን ቀድማ ደረጃውን ወረደች።