«በሩ ጋ ነኝ»

ከድምፁ ኋላ ነፋስ ነበር።

ይህን ያስተዋልኩት ግን ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ልጄ ደውሎ ሲያናግረኝ ከኋላው ነፋስ ያፏጭ ነበር... በእኛ ግቢ ግን በዚያ ሰዓት ገመድ ላይ የተሰጣ ጨርቅ እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር።

የምጽፍላችሁ በራሴ ቤት የሆነውን ነው። ማመን የከበደው ሰው አይመን። እኔም ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

ቀኑ ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ ቅዳሜ። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ። ቦታው ካራ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለው ግቢዬ። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው ስልኬ ላይ እስከ ዛሬ ስላለ ነው። አላጠፋሁትም።

ብዙነሽ እባላለሁ። እግዚአብሔር አንድ ልጅ ነው የሰጠኝ፣ ልደቱ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ላምበረት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። አባቱ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

ሞተር ሳይክል ይነዳል። ዕቃ ማመላለሻ ሞተር እንዳይመስላችሁ። ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርሳም፣ በአስፋልትም በድንጋይም የሚሄድ ነው። ተጋጭቶ የተጣለ ሞተር አግኝቶ ስምንት ወር ሙሉ እየፈታ እየገጠመ ነው ያስነሳው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኛው ከአብራር ጋር ከካራ በላይ ያለውን ዳገት ይወጡና፣ በተራራው ጫፍ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እስከ እንጦጦ ራጉኤል ይሄዳሉ። ከዚያ በአስፋልቱ ይወርዳሉ።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ልጄ ሲያስል ሳንባ ነው እላለሁ። ስልኩ ሁለቴ ጠርቶ ካልተነሳ አምቡላንስ ይታየኛል።

የዚያን ቀን ምሳ በልቶ ጫማውን ሲያስር ከፊቱ ቆምኩ።

«ተራራውን አየኸው? ጭጋግ ውጦታል። ዛሬ ይቅር።»

«እማ፣ ነሐሴ ላይ ጭጋግ ከሌለማ የሚያስፈራው ያኔ ነው።»

«ድንጋዩ ያዳልጣል።»

«አንቺ እኮ ገና ከቤት ሳልወጣ ቀብረሽኝ ተዝካሬን ነው የምታወጪው።»

«አፍህን ያዝ!»

አብራር ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ ሄልሜቱን ወደ ላይ ገፋ አደረገ።

«ማዘር አይስጉ። የልደቱ ሞተር ፍየል ነው። ገደል አይፈራም።»

«ፍየልም ይወድቃል።»

«የወደቀ ፍየል አይተው ያውቃሉ?»

«ሥጋ ቤት የሚሰቀለው ታዲያ በርሮ ነው የመጣው?»

ልጄ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«በየደቂቃው እንዳትደውዪ» አለኝ። «እየነዳሁ ሲጠራ እደነግጣለሁ። እኔው እደውልልሻለሁ።»

ሄዱ። ድምፃቸው ዳገቱን እየወጣ፣ እየቀጠነ... ጠፋ።

አልደወልኩም። ስልኩን እጄ ላይ ይዤ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ እንጂ አልደወልኩም።

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ጠራ።

«እማ...»

«ልደቱ! የት ነህ?»

«በሩ ጋ ነኝ።»

ሹክሹክታ ነበር። ደክሞት ነው አልኩ።

«መጣህ? ተመስገን! ቆይ፣ መጣሁ።»

«እሺ... ቶሎ በይ። በርዶኛል።»

«መጣሁ አልኩህ እኮ፣ መጣሁ!»

ስልኩን ዘጋሁት። የሻይ ውሃ ጣድኩና ወጣሁ።

የግቢውን በር ከፈትኩ።

ማንም የለም።

ግራ አየሁ። ቀኝ አየሁ። መንገዱ ጭር ብሏል። ሞተርም የለም።

ዞር ስል የልደቱ ክፍል በር ተዘግቷል። ክፍሉ ግቢው ውስጥ ለብቻዋ ያለች ሰርቪስ ናት። እንዲናፈስ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ገርበብ አድርጌ ትቼው ነበር...

እኔ ውሃ ስጥድ አጥር ዘሎ ገባ አልኩ። ሲቸኩል ይዘላል። ሞተሩን አብራር ቤት ትቶት ይሆናል፤ ጭቃ ሲበዛ እንደዚያ ያደርጋል።

ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን የማስበው ሴትዮ፣ ያን ቀን ለሁሉም ነገር ደህና ምክንያት አገኘሁለት።

አንኳኳሁ።

«ልደቱ?»

...

«እ።»

«ደህና ነህ?»

«በርዶኛል።»

ጋቢ አመጣሁለት። በሩን ትንሽ ከፈት ሳደርገው ውስጡ ጨለማ ነው። መጋረጃውን ማን እንደዘጋው አላውቅም። ጋቢውን በክፍተቱ ዘረጋሁ።

ተቀበለኝ።

ቀስ ብሎ። ጣቶቹ ጣቴን ነኩኝ። በረዶ ናቸው... ደግሞም ደቃቅ ጠጠር አለባቸው።

«እጅህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀዘቀዘው?»

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ሲደክመው ማውራት አይወድም። ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ያለችውን ሰዓት እንዴት ልንገራችሁ... በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ሰላም ያገኘሁበት ጊዜ የለም። ልጄ ቤቱ ገብቷል። እስከ ቀጣዩ ቅዳሜ ድረስ አንድ ሳምንት አለኝ። ሽንኩርት ከተፍኩ። መዝሙር አንጎራጎርኩ። እኔ፣ ብዙነሽ፣ አንጎራጎርኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሻይ ይዤለት ሄድኩ።

«ልደቱ፣ መብራት አታበራም?»

መልሱ የመጣው ከአልጋው በኩል አይደለም። ከታች ነው። ከበሩ ሥር፣ ከወለሉ።

«እማ... መጣሽ?»

«እዚሁ ነኝ። የት ሄጄ ነው የምመጣው?»

ትንፋሹ ይሰማኛል። አጭር፣ አጭር...

«እሺ» አለ። «እጠብቃለሁ።»

ምን እንደሚጠብቅ አልጠየቅኩትም። ራቱን መሰለኝ። ሻዩን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ወጤን ላማስል ተመለስኩ።

አሥራ አንድ ተኩል ገደማ እንደገና ሄድኩ። ሻዩ አልተነካም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ትንፋሽ አልነበረም።

አንዲት ጠጠር ብቻ... ሲሚንቶው ላይ ተንከባልላ ቆመች።

ተኝቷል አልኩ። በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ሄድኩ፣ እንዳልቀሰቅሰው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ሰዎች መጡ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ናቸው፤ ከኋላቸው ጎረቤቴ ዘሀራ፣ ባለሱቋ።

«ሱቁን ዘጋሽው? በዚህ ሰዓት?»

«ሰለቸኝ ብዙዬ። ካንቺ ጋር ልጫወት ብዬ ነው።»

ዘሀራ በገበያ ሰዓት ሱቅ ዘግታ አታውቅም።

ከኋላዋ ሌሎች ሁለት ሴቶች ገቡ። ማንም ሳይጠራቸው። አንዷ ወንበር ይዛ ነው የመጣችው።

«ቀስ በሉ» አልኳቸው። «ልጄ ተኝቷል።»

ተያዩ።

«ማን?» አለች ዘሀራ።

«ልደቱ ነዋ! ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ክፍሉ ነው። በርዶት ገብቷል፣ ጋቢ ሰጥቼዋለሁ።»

ዘሀራ ሻርፗን በአፏ ላይ ያዘች። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

«ይኸው ዝናቡም ዘንድሮ በዛ» አሉ።

«ጋሼ... ዛሬ እኮ አልዘነበም።»

ያኔ ነው የመጡበት የገባኝ።

በእኛ ዘንድ መርዶ በማታ አይነገርም። ንጋት ይጠበቃል። እስከዚያ ጎረቤት ሰበብ ፈልጎ ይመጣል። ስለ ዝናብ ያወራል፣ ስለ ኑሮ ያወራል፣ ሰውየውን ብቻውን አይተወውም። እኔ ራሴ ስንቱ ቤት እንዲህ ተቀምጫለሁ። ስንቷን እናት «ትንሽ አሞት ነው» ብዬ ዓይኗን እያየሁ ዋሽቻለሁ።

የሚሠሩትን አውቀዋለሁ። ሠርቼዋለሁ።

ግን ልጄ ክፍሉ ነው! በእጄ ጋቢ ሰጥቼዋለሁ!

በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። አይገባም። አብራር ነው። ከጉልበቱ በታች ጭቃ፣ ከጉልበቱ በላይ ሌላ ነገር... ሄልሜት አልያዘም።

ሄድኩለት።

«አብራር።»

«ማዘር... ትንሽ ወድቆ ነው። ሐኪም ቤት ነው ያለው።»

ሲናገር እኔን አያይም። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስን ነው የሚያየው፣ ቃሉን አስጠንተውት እንደላኩት ተማሪ።

«የት ነው የወደቀው?»

«በሩ ጋ።»

«የቱ በር? የእኔ በር?»

«አይ... በሩ። ከላይ፣ ሁለቱ አለት መሃል የምናልፍባት ጠባብ ቦታ። ሞተረኛ ሁሉ በሩ ነው የሚላት። እኔ ቀድሜ አለፍኩ። ጭጋግ ነበር... ይከተለኛል ብዬ ራጉኤል ድረስ ሄድኩ። ጠበቅሁት፣ ጠበቅሁት... ሲቀር ተመለስኩ።»

«ስንት ሰዓት ደረስክለት?»

«አሥራ አንድ ተኩል አልፎ ነበር። ገና ሰውነቱ...»

ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ አሳሉ። አብራር ቃሉን ዋጠው።

«ስልኩን እጁ ላይ ይዞት ነበር» አለኝ በሹክሹክታ። «እኔ ጋ ኔትወርክ አልነበረም። ለእርስዎ ነው የደወለው። ማዘር... ምን አለዎት?»

አልነገርኩትም።

ለማንም አልነገርኩም። ለእናንተ ነው የምናገረው፣ አታውቁኝማ።

በሩ ጋ ነኝ አለኝ። ልጄ ያለበትን ነገረኝ። እኔ ደግሞ «መጣሁ» አልኩት። ሁለቴ፣ ሦስቴ «መጣሁ» አልኩት። ልጄ እናቱ መጣሁ ስላለችው ሌላ ሰው ጋ አልደወለም። ድንጋዩ ላይ ተኝቶ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ጠበቀኝ... እኔ ሽንኩርት ስከትፍ፣ እኔ ሳንጎራጉር።

ወደ ክፍሉ ሮጥኩ። ዘሀራ ከኋላ ወገቤን ያዘችኝ። አስለቀቅኋት። በሩን በረገድኩት፣ መብራቱን አበራሁ።

አልጋው ጠዋት እንዳነጠፍኩት ነው።

ሰው የለም። ጋቢውም የለም።

ከበሩ ሥር ግን፣ ሲሚንቶው ላይ፣ የሰው ቁመት ያህል ርሷል። በጎኑ የተኛ፣ ጉልበቱን የሰበሰበ ሰው ያህል። ዙሪያውን ነጭ ጠጠር ተበትኗል። እንዲህ ያለ ጠጠር በእኛ ሰፈር የለም።

ሁሉም አዩት። የእኔ ዓይን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ አማተቡ። ዘሀራ «ያ ረቢ» አለች፣ ድምፅ ሳይወጣት።

ወደ ቤት መልሰው አስቀመጡኝ። ስለ ዝናብ አወሩ። ስለ መብራት መጥፋት አወሩ። እኔም «አዎ» እያልኩ መለስኩላቸው። እነሱ እንዳላውቅ ይጠብቁኛል፣ እኔ ማወቄን እንዳያውቁ እጠብቃቸዋለሁ። አንዴ ካለቀስኩ እውነት ይሆናል።

ሁለት ሰዓት ሆነ።

«በሩ ይዘጋ፣ ብርድ እየገባ ነው» አሉ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ።

አብራር ተነሳ።

«ተቀመጥ» አልኩት። «እኔ ነኝ የምዘጋው።»

ልጄ ሳይገባ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ጥዬ አላውቅም። አንድም ቀን። ሴቶቹ ሊይዙኝ ፈለጉ፣ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ በእጃቸው ከለከሏቸው።

ደጁ ላይ ቆምኩ። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ሞልቶታል። የዘሀራ ሱቅ መብራት እንኳ አይታይም።

«ልደቱ» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

ጆሮዬን ወደ ጭጋጉ ጣልኩ።

የብረት በሩን ወደ ውስጥ ሳብኩት። በክረምት ማጠፊያው ይከብዳል። መቀርቀሪያው አንድ ጣት ያህል ቀረው፣ ቀዳዳው ጋ አልደርስ አለ። በሁለት እጄ ሳብኩ። ግንባሬን ብረቱ ላይ አስደግፌ ሳብኩ፣ አልሆነም።

«ይተዉት ማዘር» አለኝ አብራር ከኋላዬ፣ እያለቀሰ። «እኔ እዘጋዋለሁ።»

ያኔ ብረቱ ተንቀሳቀሰ።

ከውጭ በኩል። ከመንገዱ።

አንድ ሰው በትከሻው ተደግፎ፣ እንዳያስደነግጠኝ የተጠነቀቀ ይመስል ቀስ አድርጎ፣ በሩን ወደ እኔ ገፋልኝ። መቀርቀሪያው ከቀዳዳው ጋር እስኪገጥም ገፋልኝ... ጨርሼ እስክዘጋም ይዞ ጠበቀኝ።

መቀርቀሪያው ገባ።