ዘጠኝ ቁጥር

ሰርክአዲስ የምላጩን ጫፍ ከክሩ ሥር አስገብታ ቀስ ብላ ሳበችው። ክሩ ተበጠሰ። ከማሊያው ጀርባ የተሰፋው ነጭ ዘጠኝ ቁጥር አንድ ጫፉ ተነሥቶ ተንጠለጠለ።

«ጨርቁን እንዳትቀጂው» አለ ነገ ማሊያውን የሚለብሰው ምንይሉ፣ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ።

«ይህን ያህል ካወቅህ እንካ፣ አንተ ፍታው።»

«እማዬ ያለችውን ነገርሁሽ አይደል? የሰፋው እጅ ራሱ ካልፈታው ነገሩ አይለቅም።»

የሰፋው እጅ የእሷ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የትምህርት ቤቱ ቡድን ማሊያ ያለ ቁጥር ሲመጣ፣ ወንድሟ ቅጣው የራሱን አምጥቶ «ዘጠኝ አድርጊልኝ፤ እንዳይጣመም ብቻ» አላት። ትንሽ ተጣመመ። እሱ ስቆ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። በዚያው ሳምንት ቡድኑ ለጨዋታ ወደ አበርገሌ ሲወርድ የተሳፈሩበት አይሱዙ ተገለበጠ። ከልጆቹ የሞተው ቅጣው ብቻ ነው። ዓምና ማሊያውን ሌላው ተጫዋች ዋሴ ለበሰው፤ ከዚያው ከአበርገሌ ሲመለስ እግሩ ተሰበረና እስከ ዛሬ ያነክሳል። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝን የሚነካ ጠፋ። አንዳንዶቹ ደግሞ «የሰርክአዲስ እጅ ከባድ ነው» ማለት ጀመሩ። እሷም መርፌ መያዝ ተወች።

«አሠልጣኛችሁ ቲቸርስ ምን አለ?»

«እሱ ምን ይላል! ትርፍ ማሊያ የለም፣ ከፈራህ አትምጣ አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ኳስ ስለቅም ከርሜ ነገ ልቅር?»

የመጨረሻው ክር ወጣ። ቁጥሩን አነሣችው። ማሊያውን ፀሐይና ሳሙና አንጥተውታል፤ ቁጥሩ የነበረበት ቦታ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ደማቅ ሰማያዊ ነው። ዘጠኙ ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ታየ፤ መጣመሙ ሳይቀር።

«በእስክሪብቶ ብቀባውስ?» አለ ምንይሉ።

«ማሊያውን በሙሉ?»

ሊስቅ ፈለገና ተወው።

«ነገ ወደ አበርገሌ በምንድን ነው የምትወርዱት?» አለችው።

«በአይሱዙ ነዋ። ሲሚንቶ ጭኖ የሚወርድ አለ።»

«የት ላይ ትቀመጣላችሁ?»

«ከጭነቱ ላይ። ጋቢናው የቲቸር ነው።»

ቅጣውም የተቀመጠው ከጭነት ላይ ነበር፤ ያን ጊዜ ማሽላ ነው። ዋሴም የወደቀው ከጭነት ላይ ነው፤ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ የያዘው ገመድ ተበጠሰበት። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የሚወራው ግን ስለ ቁጥሩ ነው። ቁጥርማ በምላጭ ይፈታል፤ የጭነት ላይ ጉዞ ግን አይፈታም።

«አትሂድ» አለችው።

«ምነው፣ ተፈታ አይደል?»

«ስለ ቁጥሩ አይደለም።»

«እና በምን ልሂድ? በአውሮፕላን?»

ወደዚያ የሚወርድ ሌላ መኪና እሷም አታውቅም።

«ከጭነት ላይ እንደምትወጣ ለእናትህ ነግረሃቸዋል?»

ምንይሉ መሬት መሬት አየ። «በናትሽ ሰርኬ። ከሰማች ታስቀረኛለች።»

«ማታ መጥቼ እነግራቸዋለሁ።»

«የሌሎቹስ? በየእናታቸው ቤት ልትዞሪ ነው?» ብድግ አለ። «ለእኔ ብቻ ነው እጅሽ የከበደው?»

ማሊያውን ሳይቀበላት ሄደ።

ቆይታ፣ ጥፋቱ የቁጥሩም የእጇም አይደለምና፣ የተወችውን መርፌ ፈለገች። ነጩን ቁጥር በደማቁ ቦታ ላይ መልሳ አስተኛችው። በቦታው ልክ ገባ። እንደ ጥንቱ አጣማ ዙሪያውን ሰፋችው፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ከዚያ ማሊያውን አጥፋ ሳጥኑ ላይ አኖረችው፤ መርፌዋንም በክሩ ጥቅል ላይ ሰካች።