ጉምዬ ሰፈር ከንቲባዋን ያለቀሰችበት ቀን

የዚያን ቀን ጠዋት ታንጉት ደመና እያለበች ነበር፤ ደመናው ደግሞ አመለኛ ሆኖባታል። «ቁም እንጂ፣ አንተ ከሲታ!» እያለች መረቡን ወደ ግራ ትጎትታለች። ደመና ማለብ ለጉምዬ ሰፈር ሴት ብርቅ አይደለም። ሰፊ መረብ ጉሙ ውስጥ ይዘረጋል፣ ጤዛው ይጠራቀማል፣ ውሃው በቧንቧ ይወርዳል፣ አለቀ። ጉምዬ ከዓባይ ሸለቆ በላይ እንደ ወፍ ጎጆ በወፋፍራም ገመድ የተንጠለጠለች ሰፈር ናት። በድልድይ የተያያዘቻት ትልቋ ከተማ፣ ማዶ፣ የምትጠጣው እነ ታንጉት ያለቡትን ነው። ይህንንም አይደብቁትም። የጉምዬ ሰው ሲመጣ ደረቱ ነው ቀድሞት የሚደርሰው።

ታዲያ የማዶ የውሃ ሹም አንድ ቀን ማንንም ሳይጠይቅ ሁለተኛ ቧንቧ ቀጠለ። ሰው ተቆጣ። ልቅናው የተነሳው ያን ጊዜ ነው።

ልቅናው ማነው? የሰርግ አስተናባሪ ነበራ! ማይክ ከጨበጠ ሙሽሮቹ ቤታቸው ገብተው እንኳ አይለቅም ይባላል። ለሰርግ እንዲህ የሚተጋ ሰው፣ ለቅሶ ሲሆን ግን ጥላውን ነው የሚልከው። ጥላ መልክን ብቻ የሚልክ መሣሪያ ነው፤ ሰውዬው ቤቱ ይጋደማል፣ ምስሉ ድንኳን ይቀመጣል። የታንጉት ባል የሞተ ጊዜ ለልቅናው ጥላ ንፍሮ ቢሰጡት በመዳፉ አልፎ መሬት ተበተነ። ሐሜት አይሁንብኝና፣ ዶሮዎቹ ናቸው የለቀሙት።

እና ይኸው ልቅናው ውሃ ማጠራቀሚያው ላይ ወጣ። «ውሃው የማነው?» አለ። «የኛ!» አለ ሰፈሩ። «ታዲያ ለምን እንናቃለን? ከዛሬ ጀምሮ ጉምዬ ራሷን ችላለች፤ ከንቲባዋም እኔ ነኝ!» ማንም አልመረጠውም፣ ግን ሁሉም አጨበጨበ። ታንጉትም መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች። ምን ይደበቃል፣ ደስ ይል ነበር።

ልቅናው ከትከሻው እስከ ወገቡ ወርቃማ ሻሽ አጋደመና ዘበኛ አስመጣ። ዘበኛው ራሱ የሚያስብና የሚናገር በር ነው፤ ሲያዙት ድልድዩ ላይ የጨረር አጥር ያቆማል፣ የሰፈሩን ሰው ብቻ ያሳልፋል።

«የሰፈሩ ሰው ማለት ማን ነው?» ሲል ጠየቀ ዘበኛው በጉባኤ ፊት።

ልቅናው ማይኩን አነሳ። «የጉምዬ ሰው ማለት ለቅሶ የደረሰ ነው! ይህ ሕግ ማንም እንዳይሽረው፣ እኔም ብሆን!» እልልታውን ገደሉ አስተጋባው።

ዘበኛውም ማን ለቅሶ እንደደረሰ የዕድሩን ድንኳን ጠየቀ። የድንኳኑ ሸራ አስታዋሽ ክር አለው፤ ከሥሩ የተቀመጠን ሰው ገላ ሙቀት አይረሳም።

አጥሩ የሚበራበት ቀን፣ ታንጉት መረቧን ሳታጥፍ ወሬ ደረሳት። ማዶ ያገባችው ልጇ ብርዛፍ ምጥ ይዟታል። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ፤ ስለዚህ የማዶ ጎረምሶች ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመዋት እየመጡ ነው። ታንጉት ነጠላዋን እየጎተተች ድልድዩ አፍ ደረሰች።

«ልቅናው፣ ልጄ ምጥ ይዟታል። አጥርህን ትንሽ አቆየው።»

«እማማ ታንጉት፣ ልጅዎ እኮ የውጭ አገር ሰው ሆናለች። ቪዛ ታምጣ።»

«ቪዛ? እኔን? የሽንት ጨርቅህን ማን አጠበና!»

«መንግሥት የሽንት ጨርቅ አይቆጥርም፣ እማማ።»

«መንግሥት መቼ አደገና ነው የማይቆጥር!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ልቅናው ፊቱ ቀላ፤ ሻሹን አስተካክሎ ተሸካሚዎቹን ሊመልስ በሩን አልፎ ድልድዩ መሃል ቆመ። እጁን ዘርግቶ «አብራ!» አለ።

አጥሩ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። ጎረምሶቹ ቀጥ አሉ። ብርዛፍ ወንበሩን ጨብጣ «እናቴ!» ብላ ጮኸች።

«ብርዛፍ፣» አለ ዘበኛው ተረጋግቶ። «የአባቷ ለቅሶ ላይ ነበረች። ትግባ።» አጥሩ እንደ መጋረጃ ተከፈለ። «ተሸካሚዎቹም ነበሩ፤ ድንኳኑን የተከሉት እነሱ ናቸው። ይግቡ።» ከኋላ የተከተለው የማዶ ሰው ሁሉ ገባ። ያ ቧንቧ የቀጠለው የውሃ ሹም ሳይቀር ገባ፤ ለካ እሱም ሬሳ ተሸክሞ ነበር!

ልቅናው ተከትሎ ሊገባ ሲል አጥሩ ገፍትሮ መለሰው።

«ከንቲባህ ነኝ!»

«አላውቅህም፣» አለ ዘበኛው። «ድንኳን ውስጥ ጥላህ እንጂ አንተ አልነበርክም።»

ብርዛፍ እናቷ ቤት ወንድ ልጅ ስትገላገል ልቅናው ውጭ ጉም እየተንጠባጠበበት ነበር። ለመነ፣ አዘዘ፣ ተሳደበ፤ ሕጉ ግን ራሱ የቆለፈው ነው። ታንጉት የልጅ ልጇን አቅፋ ከሳመች በኋላ ወጣችና አየችው።

«ይህ ሰውዬ በሳንባ ምች ሊሞት ነው። ድንኳኑን አምጡ፣ ለቅሶ ይድረስና ይግባ።»

«ማን ሞተ?» አሏት።

«መንግሥቱ ነዋ!»

ድንኳኑን ወስደው ልቅናው ከቀረበት፣ ከአጥሩ ውጭ ተከሉት። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ሙሾውን አወረዱት፦

«አጥር አጠረና ሰውን ሊለይበት፣
እሱ ውጭ ቀረ ጉም ሲንጠባጠብበት!»

ልቅናው መሬት ተቀመጠ። መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ሳቅ አመለጠው፤ ከዚያ ሻሹ ላይ ተደፍቶ እውነተኛ ለቅሶ አለቀሰ። ምን ታይቶት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ዘበኛውም «ለቅሶ ደርሷል፣ ይግባ» ብሎ ከፈተለት። በማግሥቱ ግን ከንቲባነቱን ትቶ ማለቢያ መረብ ሲጠግን ታየ።

ጉምዬ ደግሞ አላፈረችም! የውሃውን ሹም እዚያው ድንኳን ውስጥ አስቀምጠው፣ ከእንግዲህ ሳይጠይቅ ቧንቧ እንዳይቀጥል ሽማግሌ ፊት አስማሉት። ውሃውንም አላቋረጡበትም። መስጠት የሚችል ነው ደረቱን የሚነፋ።

ከንቲባው ከቀረ አጥሩም ይጥፋ ተባለና ታንጉት የዘበኛው ማጥፊያ ዘንድ ሄደች።

«እማማ፣» አለ ዘበኛው፣ «ስጠፋ ለቅሶ የሚመጣ አለ?»

እጇን ከማጥፊያው ላይ አነሳች። «ምነው፣ ፈራህ?»

«አላውቅም። ለቅሶ ደርሼ አላውቅም፤ ስለዚህ በሕጉ የሰፈሩ አይደለሁም።»

«ያ ሕግ ገልቱ ነው፣ ልጄ። የደረሰውን ብቻ ነው የቆጠረው፤ የሚደረስለትን ማን ይቁጠር?»

ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችና በሩ ሥር ቁጭ አለች።